የሚርቬቴ ሦስት ዓመት

ሬጉላ ቦሊንገር ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ እንዳለች ነው የወንድሟን ድምፅ የሰማችው። እንደ ልማዷ የገባችው በዋናው በር ሳይሆን በምድር ቤቱ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል በኩል ነበር። የወንድሟ ሚስት ሮስማሪ የኅዳር ጭቃ የነካው ጫማ ሳሎን ሲገባ ማየት አትወድም። ማጠቢያ ማሽኑ እያጓራ ይሽከረከራል። ከግድግዳው ማዶ፣ ወንድሟ ዩርግ «ቢሮዬ» በሚላት፣ የቤቱ ማሞቂያ ባለባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ይዞ ይንጎራደዳል።

«ዋሽታለች፤ ሌላ ምን ይባላል?» ይላል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ነበርኩ ብላ ፈርማለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሽቱኪ ግን ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ስትወጣ፣ ማታ ስትመለስ በዓይኗ አይታታለች። የት ነበርሽ ብለን ሁለቴ ጠየቅናት፤ ቤቴ ነበርኩ ከማለት ፍንክች አላለችም። ለኮሚቴ የዋሸ ሰው ለአገር ይታመናል? አዎ፣ ሚርቬቴ ሆቲ። የታተመው አጀንዳ ላይ «ይጽደቅ» ይላል፤ ይበል፤ ዛሬ ማታ እኔው ተነሥቼ ይሰረዝ እላለሁ። የከተማው ጉባኤ እጁን ያወጣል፣ ያልቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግማ ታመልክት፤ ማን ከለከላት?»

ማሽኑ ቆመ። ሬጉላ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሯን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አድርጋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሚርቬቴ ሆቲ በእነዚያ ሦስት ዓመታት በብስክሌቷ የት ትሄድ እንደነበር አሳምራ ታውቃለች። ሽቅብ ትሄድ ነበር፤ ከከተማዋ በላይ ወዳለችው ወደ ቡህሃልደ መንደር፣ ወደ ሬጉላና ወደ ዩርግ እናት ቤት። እናታቸው አልጋ ላይ ከዋለችበት ቀን ጀምሮ እስከሞተችበት የካቲት ድረስ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያገላበጠቻት ሚርቬቴ ናት። ያለ ውል፣ ሳይመዘገብ፣ እጅ በእጅ እየተከፈላት። የቀጠራትም የዜግነት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ይኸው ስልክ ይዞ የሚንጎራደደው ሰው ነው።

ፎቅ ስትወጣ ሮስማሪ ጠረጴዛ እያሰናዳች ነበር። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። ባቡሩ ደህና ነበር ወይ፤ አዎ፣ ደቂቃ አላዛነፈም። እሷ በምትኖርበት በበርን ከተማም ጉም አለ ወይ፤ ኧረ ከዚህም ይብሳል። ሮስማሪ ስታወራ እጇ አያርፍም፤ የተጣጠፈውን ናፕኪን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ጣቢያው አጠገብ ስለተሠሩት አዲስ ሕንፃዎች አነሣች፤ ለሦስት ክፍል በወር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ፍራንክ፣ ያውም መኪና ማቆሚያው ሳይጨመር፤ ቢሆንም አንድ ባዶ የለም፣ ሁሉም ዙሪክ የሚሠራ ባልና ሚስት ገብቶበታል። ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ፣ ሲጨልም ይመለሳሉ። «ሪትሊንገን እኮ ቀን ቀን የኔና የድመቶቹ ነች» አለች ሮስማሪ። «ሰው ቢሞት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን የሚያውቅ የለም።» ሬጉላ ልትስቅ አስባ አልሆነላትም። በመስኮቱ የሚታየው ጉም ብቻ ነው፤ የጎረቤቱ አጥር እንኳ ግማሹ ተበልቷል።

ዩርግ እጁን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ ብቅ አለ። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከእሷ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ በዚህ ዓመት ደግሞ ሲራመድ ደረቱን መንፋት ጀምሯል። በመጋቢት ለከተማዋ ከንቲባነት ሊወዳደር ስሙ ቀርቧል፤ ፎቶግራፉም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። «ሬጉሊ! በምድር ቤት ሾልከሽ ገባሽ አሉ፤ እንደ ሌባ!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ተቀመጡ። በክሬም የተሠራ የጥጃ ሥጋና የተጠበሰ ድንች ነበር። ለረጅም ጊዜ የተሰማው የሹካ ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ዝምታ ነውር አይደለም፤ አባታቸውም በምግብ ላይ የሚያወራ ሰው አይወድም ነበር።

«ዛሬ ማታ ጉባኤው ላይ ምን ምን አለ?» አለች ሬጉላ በመጨረሻ።

«በጀት፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ» አለ ዩርግ እያኘከ። «ከዚያ አራት የዜግነት ማመልከቻ።»

«የእነማን?»

«የአንድ ጣልያን፣ የሁለት ጀርመኖች፣ ሌላ ደግሞ አንድ።»

ሮስማሪ ሹካዋን አስቀምጣ ማንም ያልጠየቃትን ውኃ ልታመጣ ተነሣች።

«መጥቼ ላየው ነው» አለች ሬጉላ።

ዩርግ ቀና ብሎ አያት። «መብትሽ ነው። እንግዶች ግድግዳው ሥር ይቀመጣሉ። ጆሮ እንጂ አፍ ይዘው አይገቡም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ከምሳ በኋላ ሬጉላ በመጣች ቁጥር እንደሚያደርጉት፣ ሁለቱ ብቻ ከጉሙ በላይ ሊወጡ ተነሡ። ሮስማሪ «የሚተኮስ ሸሚዝ አለብኝ» ብላ ቀረች። መንገዱ በጸሎት ቤቱ፣ በእንጨት መሰንጠቂያው፣ ከዚያም ቅጠሉን ባራገፈው ጫካ መካከል ያቀናል፤ እርጥብ ቅጠል ከእግራቸው ሥር ይንሸራተታል። ዩርግ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሐኪሙ፣ የጥድ ዛፎቹን ስለሚጨርሰው ጥንዚዛ ያወራል፤ እሷ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጫካው ሲያልቅ ጉሙም አብሮ አለቀ። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ወረደች፤ ከታች ከተማዋ፣ ባቡሩ፣ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ሁሉ እንደ ወተት በረጋ ነጭ ነገር ሥር ተቀብረዋል፤ ማዶ ላይ በረዶ የለበሱት ተራሮች ተሰልፈዋል። የእናታቸው ቤት ከቡህሃልደ ስድስት ቤቶች የመጀመሪያው ነው። የገዙት ወጣት ባልና ሚስት የከብቱን በረት ጋራዥ አድርገውታል፤ መኪናቸው ከግድግዳው በተዘረጋ ገመድ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። የእናታቸው መኝታ መስኮት ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሬጉላ ከመንገዱ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«በስልክ ስታወራ ሰምቼሃለሁ» አለችው።

ዩርግ አልተቀመጠም። «የሰው ስልክ ማዳመጥ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሚርቬቴ እዚህ ነበረች። እዚህ መስኮት ሥር፣ እናታችን እግር ሥር። አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ! ታዲያ ምን ላድርግ? ማመልከቻዋ ያለ አንዳች ወሬ ሊያልፍ ነበር፤ እኔው እጄን አውጥቼ ላሳልፋት ነበር። ያቺ ወሬኛ ሽቱኪ ባለፈው ሳምንት ስለ ብስክሌቱ ባትዘበዝብ ኖሮ! አሁን የኮሚቴው ሰዎች ነገሩን ይዘውታል። መቆፈር ከጀመሩ የሚወጣው ምንድን ነው? የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰው ያለ ውል ሲያሠራ ነበር። በመጋቢት ማን ይመርጠኛል? ዛሬ ከተሰረዘ ግን የሚቆፍር የለም። ሦስት ዓመት ትጠብቅ፤ ሦስት ዓመት ምን አላት? ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ ኖራ የለ እንዴ!»

«ውሸታም ብለህ ነው የምታሰርዛት።»

«ዋሽታለቻ!»

«ለአንተ ብላ!»

«እኔ ዋሺልኝ አላልኳትም።»

«አትናገሪብኝስ አላልካትም?»

ከጋራዡ አንድ ውሻ ወጥቶ አሽትቷቸው ተመለሰ። ዩርግ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅታው ደግሞ ከጩኸቱ ይልቅ ወጋት። «አንቺ ግን ምን ቤት ነሽና ነው? በወር አንድ ቅዳሜ መጥተሽ፣ ኬክ አስቀምጠሽ፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ የአሥራ አንዱን ባቡር ትይዢ ነበር። አንድ ጊዜ «የሴትዮዋ ወረቀት ደህና ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለእኔ ተይው አልኩሽ። እፎይ ነው ያልሽው። እዚህችው በር ላይ፣ ካፖርትሽን እየለበስሽ እፎይ ስትዪ አይቼሻለሁ።»

እውነቱን ነው። ሬጉላ ያንን እፎይታ አልረሳችውም፤ የካፖርቱን ቁልፍ ሳይቀር ታስታውሳለች። ተነሥታ ቁልቁለቱን ብቻዋን ጀመረችው። ጉሙ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ከኋላዋ የእሱን ኮቴ ትሰማ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ።

ወደ ቤት አልተመለሰችም። ወደ ጣቢያው ወርዳ፣ ከሐዲዱ አጠገብ ያለውን ቢጫ ሕንፃ ስም ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች ሆቲ የሚለውን ደወል ተጫነች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተችው ሚርቬቴ ራሷ ናት፤ ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከላይ ሽርጥ ደርባለች። ሬጉላን ስታይ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ፊቷ በራ፤ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ሁለት እጇን ዘረጋች። «የወይዘሮ ቦሊንገር ልጅ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ብርዱ ላይ አይቁሙ!» ክፍሉ ጠባብና በጣም ንጹሕ ነው። የሚያልፍ ባቡር ሁሉ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች ያንቃጭላቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ትሪ ሙሉ ባቅላቫ ተቆራርጦ ተቀምጧል፤ ማር ገና አልፈሰሰበትም። ሚርቬቴ ሻይ በትንሿ ብርጭቆ ቀዳች፤ ስትናገር በዚያው በሪትሊንገን ሰዎች ጎተት ያለ አነጋገር ነው፤ ሬጉላ በርን ስትኖር ያጣችውን አነጋገር እሷ ይዛዋለች። ባቅላቫው ለነገ ነው አለች፤ ለሥራ ቦታዋ፣ ለአረጋውያን ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች። ባሏ ጠጠር ከሚያመላልስበት ሥራ እንደተመለሰ ተያይዘው ወደ ጉባኤው ይሄዳሉ። ልጆቿ ከድሮ ጀምሮ ዜጎች ናቸው፤ ባሏም አምና ሆኗል። «የቀረሁት እኔ ነኝ። ድንበር ላይ እነሱ በአንድ መስመር ያልፋሉ፣ እኔ በሌላ። ልጄ እማዬ ከማዶ እንገናኝ ትለኛለች፤ ትቀልድብኛለች።»

ሬጉላ ሻዩን አልነካችውም። ነገሩን እንዴት እንደምትጀምረው ስታስብ ሁለት ባቡር አለፈ። ከዚያ ዝርግፍ አደረገችው፤ የሰማችውን ስልክ፣ ሽቱኪን፣ ዛሬ ማታ የሚሆነውን። ሚርቬቴ ቆማ ነበር የምትሰማው። ሲያልቅ ወደ ምድጃው ሄዳ ከማሩ ድስት ሥር እሳቱን አጠፋች።

«አቶ ቦሊንገር? ራሳቸው?»

«ራሱ።»

«መስከረም ላይ ቤታቸው ጠሩኝ» አለች ሚርቬቴ፤ ጀርባዋን እንዳዞረች። «ቅጹ ላይ ቤቴ ነበርኩ ብለሽ ጻፊ፣ የቀረውን እኔ አለሁልሽ አሉኝ። እናቴን ስለምትወጃት አሉኝ። ቃል ሰጠሁ። እኛ አገር ቃል ከተሰጠ ተሰጠ ነው። ሁለት ጊዜ ኮሚቴው ፊት ተቀምጬ የት ነበርሽ ሲሉኝ እሳቸው መሐል ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እስክሪብቶ ያዞራሉ። ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን አየሁ።»

«ዛሬ ተናገሪ። እውነቱን ተናገሪ።»

ሚርቬቴ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ግን ያ የበሩ ላይ ብርሃን ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። «አሁን ብናገር ሁለተኛ ውሸት ነው የሚሉኝ። ደግሞም እኛን አመልካቾቹን ሲመክሩብን ከአዳራሽ ያስወጡናል። ማን ይመሰክርልኛል? ምስክሬ ሞተዋል።»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎ?» አለች ሚርቬቴ። «እርስዎ እንግዳ ነዎት።» ከዚያ፣ ያለችው ጠንከር ብሎ ስለተሰማት ይሁን አይሁን፣ ቀዝቅዞ የነበረውን ሻይ አንሥታ በአዲስ ቀየረችላት።

ሬጉላ ስትመለስ ሮስማሪ ኩሽና ውስጥ የዩርግን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ከምድር ቤት ዩርግ ንግግሩን ለራሱ ሲያነብ ድምፁ ይሰማል፤ ቃላቱ አይለዩም። ሬጉላ በሩን ዘጋችና በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት። ሮስማሪ ካውያውን አንድ ጊዜም አላቆመችውም፤ አንገትጌውን ጨርሳ ወደ እጅጌው ተሻገረች።

«ታውቂ ነበር?» አለች ሬጉላ።

«በዚህ ቤት የማላውቀው ምን አለ?»

«አንቺ እዚህ ከተማ ድምፅ አለሽ፤ እኔ የለኝም።»

«ድምፅ?» ሮስማሪ ልትስቅ ቃጣት፤ ሳቁ በአፍንጫዋ ወጣ። «በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ጉባኤ አልቀረሁም፤ ሁልጊዜ ከጎኑ ነው የምቀመጠው። እሱ እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣለሁ። አንድ ቀን አፍንጫውን ሊያክ እጁን አነሣ፤ እኔም አወጣሁ።» ሸሚዙን መስቀያው ላይ ሰቅላ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፈች። «እራት ቀለል ያለ ነው» አለች። «ዳቦና አይብ።»

ጉባኤው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ተጀመረ። አምስት ሺህ ሰው ካለባት ከተማ የመጣው መቶ ሃያ ያህል ነው፤ አብዛኛው ሽማግሌ፣ ጥቂቱ ከዙሪክ ባቡር ወርዶ ቦርሳውን እንደያዘ የገባ። አዳራሹ የጎማ ጫማ ጠረን አለው። ለእንግዶች የተዘጋጁት ስድስት ወንበሮች ከመድረኩ ደረጃ አጠገብ፣ ልጆች የሚንጠላጠሉበት የእንጨት መሰላል ሥር ናቸው፤ ሬጉላ ከአንድ ወጣት የጋዜጣ ዘጋቢ ጋር ተቀመጠች። ዩርግና ሮስማሪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ሚርቬቴ ከባሏ ጋር ከኋላ ገብታ ነበር፤ ሬጉላን አየቻት፣ አልጠቀሰቻትም። ጉባኤውን የምትመራው ተሰናባቿ ከንቲባ ወይዘሮ ግሎር ናት፤ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣ ሰዓት የምታከብር ሴት። በጀቱ አለፈ። ስለ ጣሪያው አርባ ደቂቃ ተጨቃጨቁ፤ አለፈ። ከዚያ አራቱ አመልካቾች እንዲወጡ ተጠየቁ። ሚርቬቴ ኮቷን ክንዷ ላይ ጥላ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሦስቱ ያለ ክርክር ጸደቁ። የሚርቬቴ ስም ሲጠራ ዩርግ ተነሥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ኮሚቴው በቅን ልቦና ይጽደቅ ብሎ እንደነበር፣ ዘግይቶ ግን አዲስ ነገር እንደደረሰው፣ አመልካቿ ሦስት ዓመት የት እንደነበረች ተጠይቃ ሁለት ጊዜ እውነት ያልሆነ መልስ እንደሰጠች፣ እሱ በግሉ ምንም ቅሬታ እንደሌለበት፣ ግን አንድ ማኅበር የሚቆመው በመተማመን እንደሆነ ተናገረ። «በከባድ ልብ» አለ። ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ሴት «አይ፣ እንዲህ ከሆነማ» አለች።

ሬጉላ መቼ እንደተነሣች አታውቀውም። «ይቅርታ» የሚለው የራሷ ድምፅ ነበር።

ወይዘሮ ግሎር መነጽሯን አደረገች። «እንግዶች መናገር አይፈቀድላቸውም። ይቀመጡ እባክዎ።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«አንድም ቢሆን። ደንብ ነው፤ ይቀመጡ።»

«ሚርቬቴ እናታችን ቤት ነበረች!» አለች ሬጉላ፤ ጮኸች ማለት ይቻላል። «ቡህሃልደ! ሦስቱንም ዓመት እናታችንን ስታስታምም ነበር!»

አዳራሹ እንደተነካ ቀፎ ሆነ። ወይዘሮ ግሎር ጠረጴዛውን መታች፤ ይህ በቃለ ጉባኤው አይሰፍርም አለች። ዩርግ ገና ማይክሮፎኑ ላይ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ ፈገግታው ግን ቦታው ላይ አለ። «እህቴ ናት፤ ከበርን ዛሬ ነው የመጣችው፤ ደክሟታል» አለ በሐዘኔታ። «እናታችን ከሞተች ወዲህ አንዳንድ ነገር ይምታታባታል። ይቅርታ አድርጉላት።» ሰው ሁሉ ዞሮ ሬጉላን አያት፤ እንደ በሽተኛ አያት። የጋዜጣው ልጅ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት አደረገ። ተቀመጠች። ወንድሟ ይህን ይላል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

ያኔ ነው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ እጅ የወጣው። እንደ ተማሪ፣ ክርኑ ቀጥ ብሎ።

«ሮስማሪ ቦሊንገር፣ ቢርከን መንገድ አሥራ አንድ» አለች ስትነሣ። ማይክሮፎን ሲያመጡላት በሁለት እጇ ያዘችው። «እኔ መናገር ይፈቀድልኛል። ቃለ ጉባኤው ላይም ይስፈርልኝ።» ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «የአማቴን ቤት ቁልፍ ለሚርቬቴ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባ ነበር፤ ማታ አሥራ ሁለት ትወጣ ነበር። በረዶ ሲጥል ብስክሌቷን እየገፋች ትወጣ ነበር። ባሌ ያውቃል። የቀጠራት እሱ ነው። እንዳትናገርም የለመናት እሱ ነው፤ መስከረም ላይ፣ በእኛ ኩሽና። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ዝም ብዬ ላጥኩ። ሬጉላ ምንም አልተምታታባትም።» ማይክሮፎኑን ላመጣላት ሰው መለሰችና ከመቀመጧ በፊት ቀሚሷን ከኋላ አስተካከለች።

አንድ ሰው ከኋላ «ታዲያ ያለ ውል ነዋ የሠራችው! ይህም ጥፋት ነው!» ብሎ ጮኸ። በስተቀኝ ያለ አንድ ሸበቶ ገበሬ ሳይነሣ ዞሮ፣ «አንተ ቤት ዓርብ ዓርብ የምትጠርገው ሴትዮስ ውል አላት እንዴ?» አለው። ሳቅ ፈነዳ፤ እንደፈነዳም ተቆረጠ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ከየራሳቸው ዓርብ ጋር ተፋጥጠው ነበር።

«አቶ ቦሊንገር» አለች ወይዘሮ ግሎር። «ሐሳብዎን ያጸናሉ ወይስ ያነሣሉ?»

ዩርግ ሚስቱን ነበር የሚያየው። በዚያች ቅጽበት «አነሣለሁ» ቢል ሬጉላ ሮጣ የምታቅፈው ይመስላት ነበር። «አጸናለሁ» አለ፤ ድምፁ ማይክሮፎኑን አልፎ አልሄደም፤ ጸሐፊዋ እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ ደገመ። ድምፅ ተሰጠ። ይሰረዝ ለሚለው ሠላሳ አንድ እጅ ወጣ፤ የዩርግ እጅ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ወረቀቱን እንደያዘ ማውጣቱን ረሳው። ይጽደቅ ለሚለው ቆጣሪዎቹ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሰባ አራት። ሮስማሪ እጇን ቆጠራው ካለቀ በኋላም አላወረደችውም።

አመልካቾቹ ተጠሩ፤ ጭብጨባ ተቀበላቸው። ለአዲስ ዜጎች እቅፍ አበባና ስለ ከተማዋ የተጻፈውን መጽሐፍ ሰጥቶ እጃቸውን የሚጨብጠው፣ እንደ ደንቡ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ማንም ሌላ ሰው ይስጥ ለማለት አልደፈረም፤ ዩርግም መድረኩ ደረጃ ሥር፣ ከሬጉላ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመ። ለጣልያኑ ሰጠ፤ ለጀርመኖቹ ሰጠ። ሚርቬቴ መጨረሻ መጣች። በመጣችበት መንገድ ሁሉ ሰዎች ሲያዩዋት፣ ሲንሾካሾኩ፣ አንዷ ክንዷን ስትነካት፣ ውጭ ሆና ያልሰማችውን ከፊታቸው ያነበበችው ይመስላል። አበባውን ተቀበለችው፤ የዘረጋውን እጅ ያዘች፤ አልለቀቀችውም። ጭብጨባው ስላልቆመ የሰማት ዩርግና ሬጉላ ብቻ ናቸው።

«አቶ ቦሊንገር፣ እናትዎ ማታ ማታ ልሄድ ስል «ዩርግ መጥቶ ነበር?» ይሉኝ ነበር። «መጥተው ነበር፤ እርስዎ ተኝተው ስለነበር አልቀሰቅሳቸውም ብለው ሄዱ» እላቸው ነበር። አንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት ዓመት። ዋሽታለች ካሉኝ፣ የዋሸሁት እሱን ነው።»

እጁን ለቀቀችለት። ወደ ባሏ ልትሄድ ስትዞር በሬጉላ ፊት አለፈች፤ ሬጉላም ቆማ፣ ልታመሰግናት ይሁን ይቅርታ ልትጠይቃት ሳታውቀው፣ ክንዷን ያዘቻት።

«ስለ እርስዎም ይጠይቁኝ ነበር» አለቻት ሚርቬቴ።

«ምን አልሻት?»

«ያንኑ።»